የቦር ጋት ቁልቁለት፦ የአንድ የዘይት ቀለም መልክዓ ምድር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ

ለመሥራት የተነሣሁት ሥዕል በምዕራብ ህንድ፣ በቦምቤይ እና በፑኔ ከተሞች መካከል ያለውን የቦር ጋት ተራራማ መንገድ በ1830ዎቹ እንደነበረ አድርጎ የሚያሳይ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የሸራው መጠን 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ አሠራሩም የሮማንቲክ ዘመን የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ይከተሉት የነበረውን ቅደም ተከተል ይይዛል፤ ማለትም ሥራው ከቡናማ ንድፍ ተነሥቶ ወደ ድፍን ቀለም፣ ከዚያም ወደ ስስ የቀለም ሽፋን ይሄዳል። የማንንም ሥዕል አልገለብጥም። የዘመኑን ስልት ይዤ፣ የዘመኑ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ በጥግ በኩል ያሳለፉትን መንገድ የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ማድረግ ነው የፈለግሁት።

ቦታውን የመረጥኩት በታሪኩ ምክንያት ነው። የኮንካን ዝቅተኛ ሜዳ ከዴካን ደጋ ጋር የሚገናኘው ሳህያድሪ በሚባለው ገደላማ ሰንሰለት በኩል ሲሆን፣ ከግርጌው ከኮፖሊ ተነሥቶ አናቱ ላይ ያለችው ካንዳላ ለመድረስ 500 ሜትር ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። በ1804 የእንግሊዙ ጄኔራል ዌልዝሊ፣ ኋላ የዌሊንግተን መስፍን የተባለው፣ መድፍ የሚያልፍበት መንገድ በዚህ ገደል ላይ አስጠረገ። ከ1817 እስከ 1818 በተካሄደው ጦርነት ፔሽዋ የሚባለው የማራታ ሕዝብ ገዢ ሥልጣን አክትሞ ፑኔ በእንግሊዞች የቦምቤይ አስተዳደር ሥር ከገባች በኋላ ደግሞ፣ አገረ ገዢው ጆን ማልኮም በ1830 ለሠረገላ የሚሆነውን መንገድ አስከፈተ። ከዚያ በፊት ጭነት የሚወጣውና የሚወርደው በበሬ ጀርባ፣ ሹማምንት የሚጓዙትም በሰው ትከሻ በሚሸከሙት ፓልኪ ነበር። ስለዚህ የምስለው መንገድ ገና አዲስ ነው፤ የተቆረጠው ድንጋይ አልጠቆረም፣ የድጋፍ ግንቡም ሽበት አላበቀለም።

ሰኔ መጀመሪያ

ይህን ሳምንት ያሳለፍኩት የድሮዎቹን ሥራዎች በኮምፒውተር አስፍቶ በማየት ነው። ዊልያም ሆጅስ ከ1780 እስከ 1783 ህንድ ውስጥ ሠርቷል፤ ብሩሹ ልቅ ነው፣ ሰማዩም ሕይወት አለው። ቶማስ ዳንኤል እና የወንድሙ ልጅ ዊልያም በ1786 ካልካታ ደርሰው፣ በ1789 እስከ ጋርዋል ተራሮች ዘልቀዋል፤ ከ1795 እስከ 1808 ድረስ ያሳተሟቸው 144 ሥዕሎች በእንግሊዝ ቤቶች ውስጥ የህንድን መልክ ለአንድ ትውልድ የወሰኑ ናቸው ማለት ይቻላል። ጄምስ ቤይሊ ፍሬዘር እንግሊዞች ከኔፓል ጋር ባደረጉት የጉርካ ጦርነት ወቅት፣ በ1815፣ ወደ ሂማላያ ወጥቶ፣ 20 ሥዕሎቹን በ1820 አሳትሟል። ለእኔ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዊልያም ዌስታል ነው፤ በ1804 ቦምቤይ ደርሶ የማራታን ተራሮች በእግሩ አይቷቸዋል፤ ከንድፎቹም የተወሰኑት ሻምበል ሮበርት ግሪንድሌይ ከ1826 ጀምሮ ስለ ምዕራብ ህንድ ባሳተማቸው ቅጾች ውስጥ ገብተዋል።

እነዚህ ኅትመቶች አብዛኞቹ በአኳቲንት የተሠሩ ናቸው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስና በሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ከዚያም አሲድ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን መዳብ እየበላ ይሄዳል፤ ሰሌዳው አሲዱ ውስጥ በቆየ ቁጥር ጥላው ይጠቁራል። ቀለሙ ግን ከኅትመቱ በኋላ፣ ለንደን ውስጥ፣ ህንድን በዓይናቸው አይተው በማያውቁ ሠራተኞች እጅ በውሃ ቀለም የሚቀባ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ሥዕሎች የተራራውን ቅርጽ እቀበላለሁ፣ የጥላውን ስፍር እቀበላለሁ፣ ቀለማቸውን ግን አላምንም። ያ የሎሚ ቢጫና የሮዝ ሰማይ የለንደን ሰማይ ነው።

ቦታውን በአካል አለማየቴ ያሳስበኝ ነበር፤ ሆኖም በዚህ ረገድ ታላቅ ጓደኛ አለኝ። ታዋቂው እንግሊዛዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ተርነር ህንድን ረግጦ አያውቅም፤ ነገር ግን ጆርጅ ፍራንሲስ ዋይት የተባለ የጦር መኮንን በሂማላያ ከነደፋቸው ሥዕሎች ተነሥቶ፣ በ1830ዎቹ አጋማሽ ለአንድ መጽሐፍ ማተሚያ የሚሆኑ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ሠርቷል። የሂማላያዋን ከተማ ሙሱሪን የሚያሳየው ሥራው ከብዙ ዓይን ምስክሮች ሥራ የተሻለ አየር አለው። የአልፕስን ጭጋግ ስለሚያውቅ የሂማላያውን ጭጋግ መገመት አልከበደውም፤ መንገዱ ላይ ሲደርስ ግን እርሱም በጭጋግ ነው የሸፈነው።

ሰኔ አጋማሽ

አቀማመጡን ወሰንኩ። ተመልካቹ ከካንዳላ ትንሽ ዝቅ ብሎ መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያያል። በስተቀኝ የተራራው ግድግዳ፣ በስተግራ ገደሉና ከገደሉ ባሻገር የኮንካን ሜዳ፣ መሐል ላይ በሩቁ የራጅማቺ ምሽግ ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ወቅቱም ዝናቡ ያበቃበት ጥቅምት ነው፤ በዚህን ጊዜ ፀሐይ በምዕራብ ደቡብ አቅጣጫ ስለምትሆን ብርሃኑ ከግራ፣ በትንሹ ከተመልካቹ ኋላ ይመጣል፤ የራጅማቺም ገደል ፊቱ ይበራል። መንገደኞች ሁሉ የሚያወሱት፣ እንግሊዞች የመስፍኑ አፍንጫ ያሉት የናግፋኒ ሹል ተራራ ከተመልካቹ ጀርባ ስለሚቀር አይታይም። የዘመኑ ሠዓሊ ተራራውን አንሥቶ ደስ ባለው ቦታ ከማስቀመጥ ወደኋላ አይልም ነበር፤ እኔ ግን ራጅማቺ ይበቃኛል።

የዘመኑ ቀመር የታወቀ ነው። ስለ መልክዓ ምድር ውበት ይጽፍ የነበረው እንግሊዛዊ ዊልያም ጊልፒን ከ1782 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት እንዳስፋፋው፣ የቅርቡ ቦታ ጨለማና ሻካራ፣ መካከለኛው ብሩህ፣ ሩቁ ሰማያዊና ለስላሳ ይሆናል፤ በአንዱ ጎን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ከክሎድ ሎሬን የተወረሰው ትልቅ ዛፍ ይቆማል፤ መንገድ ወይም ወንዝ እየተጠማዘዘ ዓይንን ወደ ውስጥ ይመራል። ይህን ቀመር የሚያናንቁ ብዙ ናቸው። እኔ ግን በአንድ ሸራ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀትን ለማስገባት ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላየሁም። ጠንቁ የሚመጣው መንገዱ ላይ ነው። ለጊልፒን ዓይን መንገድ የሚያምረው ጠርዙ ሲፈርስ፣ ሣር ሲበቅልበት፣ የጋሪ ጎማ ሲያቦካው ነው፤ በቦር ጋት የተሠራው መንገድ ግን የመሐንዲስ መንገድ በመሆኑ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ግንቡ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱም የተለካ ነው። ያንን ጠርዝ ካለሰለስኩት አገሩን ማን እንደያዘውና በምን እንደያዘው የሚናገረውን የሥዕሉን ክፍል እሰርዘዋለሁ። ስለዚህ ሩቁን፣ ሰማዩንና ዛፉን እንደ ቀመሩ ሠርቼ፣ መንገዱን እንደ ግንበኛ እሠራዋለሁ።

ሰኔ መጨረሻ

ቁልቁለት የሚወርድ መንገድ መሳል አቀበት ከመሳል ይከብዳል፤ ብዙ ሠዓሊዎችም ከታች ወደ ላይ የሚያዩበትን ቦታ የሚመርጡት ለዚህ ይመስለኛል። በደልዳላ መሬት ላይ የመንገድ ሁለት ጠርዞች የሚገናኙት በአድማሱ መስመር ላይ ነው። መንገዱ ቁልቁል ሲሄድ ግን መገናኛ ነጥባቸው ከአድማሱ በታች ይወርዳል። ለስሌቱ መነሻ በ15 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር የሚወርድ መንገድ ወሰድኩ፤ ሥዕሉም ከ120 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚታይ ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ መንገዱ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ክፍል መገናኛ ነጥቡ ከአድማሱ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ሸራው ላይ ምስማር መምታት ስለማይቻል፣ በተመሳሳይ መጠን በተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ በአድማሱና በዝቅተኛው ነጥብ ላይ ሁለት ምስማር መትቼ ክር አሰርኩ። ከእኔ ጋር እኩል ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ራሱ አድማሱን ይነካል፤ ከእርሱ ራስና እግር ወደ ዝቅተኛው ምስማር የተዘረጉት ሁለት ክሮች በመንገዱ ላይ እየራቀ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው ያሳያሉ። ራሶቹ አንዱ ከሌላው እየወረዱ ሲሄዱ፣ መንገዱ ምንም ሳይቀባ እንኳ ቁልቁለቱ ይታወቃል። መንገዱ ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ በተራራው ትከሻ ተሰውሮ፣ ከታች በሁለተኛው ኩርባ ላይ እንደገና ይወጣል፤ እዚያ የሚኖረውን ስፋት የወሰንኩት የሁለት በሬዎችን ጎን ለጎን መተላለፊያ ለክቼ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ

ሊኖ ሸራውን ወጥሬ፣ ሁለት እጅ ጄሶ (ሸራን ለቀለም የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) ቀብቼ፣ በስስ የኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) እና የጥቁር ድብልቅ መሬቱን፣ ማለትም የሥዕሉን መነሻ ቅብ፣ ሞቅ ያለ ግራጫ አደረግሁት። ተርነር ነጭ መሬት ይወድ ነበር፤ የቀደሙት ግን በቡናማ ላይ ይሠሩ ነበር። የእኔ መካከለኛ ነው። ከዚያም ንድፉን በከሰል አሸጋግሬ፣ አምበር በሚባል ቡናማ የአፈር ቀለምና በማቅጠኛው በአኳራጅ ብቻ የጥላውን ስፍራ በሙሉ ቀባሁ። በዚህ ደረጃ ላይ ቀለም ስለሌለ ዓይን በሰማያዊና በአረንጓዴ አይታለልም፤ ብርሃንና ጥላው በቡናማው ካልተስተካከለ በኋላ በምንም አይስተካከልም።

የአዲስ አበባ ክረምት ለዘይት ቀለም የሚመች ወቅት አይደለም። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ በትነት አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው፣ ብርድ ደግሞ ይህን ሂደት ያዘገየዋል። አምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ የተነሣ ቶሎ ይደርቃል፤ የድሮዎቹ ለመጀመሪያው ንድፍ የመረጡትም አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሸራውን ፍሬም የሠሩልኝ አዛውንት አናጢ እርጥቡን ሸራ አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገህ አቁመው፤ ከኋላው አየር ካላገኘ እንጨቱም ይጣመማል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወደ ክፍሉ መሐል አመጣሁት።

ሐምሌ፣ ከጣርማ በር መልስ

የድንጋዩን ነገር በኅትመቶቹ ላይ ብቻ መተማመን አልፈለግሁም፤ አኳቲንት ድንጋይን ሁሉ አንድ ዓይነት እብጠት ያስመስለዋል። የዴካን ደጋ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደራራቢ ፈሳሽ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ባዛልት ነው። የእኛም ደጋ በአብዛኛው፣ በ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚገመት ይሁን እንጂ፣ በዚያው መንገድ የተፈጠረ ባዛልት ነው። በህንድ የሳህያድሪ ምሽጎች የተቀመጡባቸው አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ጎናቸው ገደል የሆኑ ተራሮች ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአንድ እይታ አምባ ብሎ የሚጠራቸው ናቸው። ስለዚህ የንድፍ ደብተሬን ይዤ ወደ ጣርማ በር ሄድኩ።

እዚያ በደንብ ያየሁት እርከኑን ነው። ጠንካራው የባዛልት ንጣፍ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በሁለት ጠንካራ ንጣፎች መካከል ያለው ልልና ቀዳዳማ ንጣፍ ደግሞ እየተፈረፈረ ሣር የሚበቅልበት ተዳፋት ይሆናል። ገደል፣ ሣር፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና ሣር። የንጣፎቹ መስመር በርቀትም ቢሆን አግድም እንደተኛ ይቀጥላል፤ ተራራው ሲቆራረጥ እንኳ አንዱ ጉብታ ላይ ያለው መስመር በሌላው ላይ በዚያው ከፍታ ይገኛል። ገደሉ ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ ስንጥቆች የተከፋፈለ ስለሆነ ጥላው ቋሚ ነው፤ ጭጋግ ሲወርድበት ቋሚው ጥላ ቀድሞ ይጠፋና አግድሙ ሣር ብቻ ይቀራል። ለራጅማቺ የምጠቀምበት ይህንን ነው፤ ሩቅ ስለሆነ አግድሙን እስለዋለሁ፣ ቋሚውን እተወዋለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ

ሰማዩና ሩቁ ተጠናቀቁ። ሰማያዊ ቀለም መምረጥ በራሱ ዘመን መምረጥ ነው። ፕረሽያን ብሉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ነበር፤ ኮባልት በ1802 መጣ፤ በተፈጥሮው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የነበረው ኡልትራማሪን ደግሞ በፋብሪካ እንዲሠራ 6,000 ፍራንክ ሽልማት ቀርቦ፣ በ1828 ፈረንሳዊው ጊሜ ተሸለመበት። የ1830ዎቹ ሠዓሊ ሦስቱንም ሊያገኝ ይችል ነበር፤ እኔም ሦስቱንም ተጠቀምኩ። ለሰማዩ ኮባልት፣ ለሩቅ ተራሮች ኡልትራማሪን ከጥቂት ቀይ ኦከር ጋር፣ ፕረሽያኑ ግን ኃይለኛ ስለሆነና በትንሹ ሁሉን ስለሚውጥ ለቅርቡ ቅጠላ ቅጠል ብቻ ተቀመጠ። በቱቦ የታሸገ ቀለም የመጣው በ1841 ስለሆነ የዚያ ዘመን ሰው ቀለሙን በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ነበር የሚይዘው፤ በዚህ በኩል ዘመኑን ለመከተል ምንም ፍላጎት የለኝም።

ነጩን በተመለከተ የዘመኑ ነጭ የእርሳስ ነጭ ነው። መርዛማ በመሆኑ በቤት ውስጥ አልሠራበትም። ያለኝ ቲታኒየም ነጭ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ከመሆኑም በላይ ከእርሳሱ ይልቅ ቀዝቃዛና ሸፋኝ ነው፤ ስለዚህ ቱቦውን በሙሉ ፓሌቱ ላይ አውጥቼ በጥቂት ቢጫ ኦከር አሞቅሁትና በዚያው ብቻ ሠራሁ።

የኮንካን ሜዳ ከዝናብ በኋላ ገና አረንጓዴ ነው፤ ግን አሥር ኪሎ ሜትር አየር በመካከል ስለሚገባ አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይለወጣል። ሜዳውን በሦስት አግድም ድርብ ከፍዬ፣ በእያንዳንዱ ላይ ነጩን እየጨመርኩ፣ ወደ አድማሱ ስቃረብ ትንሽ ሮዝ አስገባሁ። ኡልሃስ ወንዝ ከእነዚህ ተራሮች ተነሥቶ ወደዚያ ሜዳ ይወርዳል፤ ሸራው ላይ አንድ ጊዜ በቀጭን ብሩሽ የተጎተተ ብሩህ መስመር ነው። ሁለተኛ ጊዜ ቢነካ ወንዝ መሆኑ ቀርቶ ሽቦ ይመስላል።

ነሐሴ መጀመሪያ

ወደ መንገዱ ደረስኩ። ይህን ክፍል ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት፤ ሰማዩ ካልደረቀ የመንገዱን ብርሃን መመዘን አይቻልም።

መጀመሪያ ቀለሙ። የባዛልት ጠጠር ሲፈጭ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ቡናማ አቧራ ይሆናል፤ በሁለቱ ጠርዞች ደግሞ ከተዳፋቱ የታጠበው ቀይ አፈር ይከመራል። አቧራውን የቀባሁት በነጭ፣ በአምበርና በኢምንት ኡልትራማሪን ነው፤ ፀሐይ ባረፈበት በኩል ኡልትራማሪኑን በቢጫ ኦከር ተካሁት። ማጠፊያው ላይ መንገዱ ከብርሃን ወደ ተራራው ጥላ ይገባል፤ እዚያ ጥላው ጥቁር እንዳይሆን ከሰማዩ የወሰደውን ሰማያዊ ጨመርኩለት። በዘመኑ ሥዕሎች ውስጥ እዚህ ጥላ ላይ ቡናማ ሾርባ ነው የሚፈስሰው፤ በዚህም ቀመሩን ትቼ ዓይኔን አመንኩ።

ቀጥሎ ግንቡ። በገደሉ በኩል መንገዱን የሚይዘው የድጋፍ ግንብ ነው፤ ከተመልካቹ አንጻር የሚታየው ከላይ ያለው ዝቅተኛ ክፈፉ፣ ከታች በሁለተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ ሙሉ ፊቱ ነው። የቅርቡን ክፈፍ ድንጋይ በድንጋይ ሠራሁት። እያንዳንዱ ጥርብ ድንጋይ ሦስት ገጽ አለው፦ ከላይ ፀሐይ የመታው፣ በመንገዱ በኩል የጠለለ፣ በመጋጠሚያው ያለ ጠባብ ጥቁር። የላይኛውን ገጽ በስፓቱላ ወፍራም አድርጌ ጎትቼ፣ ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ጠርዙን ሰበርኩት፤ ቀለሙ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ሻካራ ሆኖ ቀረ። የታችኛውን ግንብ ግን በአንድ ድፍን ቀለም ብቻ ሠርቼ፣ ውሃ የሚያስወጡትን ቀዳዳዎች በጥቂት ነጠብጣብ አሳየሁ። በዝናብ ወቅት ይህ ሁሉ ተዳፋት ፏፏቴ ስለሚሆን ያለ እነዚያ ቀዳዳዎች ግንቡ ክረምት አያልፍም ነበር። በተራራው በኩል የውሃ መውረጃውን ቦይ በጥላው ውስጥ አስገባሁ።

ባልደረባዬ መጥቶ አየውና፣ «ሥዕሉ እዚህ ጋ ደረቀብህ፤ ዓይን ግንቡ ላይ ተሰናክሎ ይቀራል» አለኝ። ትክክል ነው፣ ይሰናከላል። ከዚያ በላይ ለስላሳ ባደርገው ኖሮ ዓይን ተንሸራትቶ ራጅማቺ ላይ ይደርስና፣ ሥዕሉ ያለ መንገዱም ይቆም ነበር። እንዲሰናከል ተውኩት።

ነሐሴ አጋማሽ

የሰዎቹ ጉዳይ። በዘመኑ ሥዕሎች ውስጥ ሰው መጠን ማሳያ ነው፤ ጥምጥም ያደረገ አንድ ሰው፣ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ ምንም የማይሠሩ። በዚህ መንገድ ላይ ግን ሥራ የማይሠራ ሰው ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። ከኮንካን ጨው ይወጣል፣ ከዴካን እህልና ጥጥ ይወርዳል፤ ይህን ጭነት በበሬ መንጋ የሚያጓጉዙት ባንጃራ የተባሉት ተጓዥ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ በተርታ የሚወጡ የጭነት በሬዎችን አደረግሁ፤ የፊተኛው ሙሉ አካሉ፣ ከኋላው ያሉት ግን ቁልቁለቱ ስለሚሰውራቸው ጀርባና ቀንዳቸው ብቻ ይታያል። በሰኔ የዘረጋሁት ክር እዚህ ዋጋውን ከፈለኝ፤ አንድም እንስሳ አየር ላይ አልተንሳፈፈም።

በግንቡ ጥግ አራት ጥገና ሠራተኞችን አስቀመጥኩ። ሁለት ሴቶች በራሳቸው ላይ የድንጋይ ቅርጫት ተሸክመዋል፤ አንድ ሰው ዶማውን አንሥቷል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያስተካክላል። ከሩቅ በፓልኪ የሚመጣ ሹም አለ፤ መጋረጃው ስለተዘጋ ፊቱ አይታይም፣ የሚታዩት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ሹሙን ጨርሶ ላወጣው አስቤ ነበር፤ ግን መንገዱ ለማን ምቾት እንደተሠራ ስለሚያሳይ ተውኩት።

ከዚህ ሥዕል ዘመን ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ገደል ላይ የባቡር መስመር መቆፈር ተጀመረ፤ በ1856 ተጀምሮ በ1863 እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ወቅት ከ40,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩበት። ኮንትራቱን የወሰደው ሰለሞን ትሬድዌል ህንድ በደረሰ ብዙም ሳይቆይ በ1859 ሞቶ፣ ሥራውን ሚስቱ አሊስ ናት የተረከበችው። ከ1867 እስከ 1868 ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ከዙላ ወደ ደጋው የሚያወጣውን ገደል የጠረጉለትም ከህንድ የመጡ የጦር መሐንዲሶችና መንገድ ጠራጊዎች ነበሩ፤ የዘመቻውን ሥዕሎች ለለንደን ጋዜጣ የነደፈው ዊልያም ሲምፕሰንም ከ1859 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በህንድ ተራሮች ላይ ሲነድፍ የቆየ ሰው ነው። እነዚህን ነገሮች እያሰብኩ የዶማውን ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ደግሜ ሠራሁት። አሁን ክብደት አለው።

ጳጉሜን

የቅርቡ ቦታና ዛፉ። በስተቀኝ የቆመው የማንጎ ዛፍ ነው፤ ክሎድ ያለ ዛፍ አይሆንም፣ ማንጎውም በዚያ ተዳፋት ላይ በእርግጥ ይበቅላል። ቅጠሉን በፕረሽያን ብሉና በርንት ሳይና በሚባለው ቀይ ቡናማ ጨለማ አድርጌ ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ በሚያልፍበት በኩል በስስ ቢጫ ሸፈንኩት። ለዚህ የዘመኑ ሠዓሊ የህንድ ቢጫ የሚባለውን ቀለም ይጠቀም ነበር። ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ በ1883 ሙክሃርጂ የተባለ ህንዳዊ ባለሥልጣን ቢሃር ድረስ ሄዶ ባቀረበው ዘገባ፣ የማንጎ ቅጠል ብቻ ከሚመገቡ ላሞች ሽንት ተነጥሮ እንደሚገኝ ገልጿል። የማንጎን ቅጠል ከማንጎ ቅጠል በተገኘ ቀለም መቀባት ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው በኬሚካል የተሠራ ምትክ ነው፣ እርሱም ሥራውን ይሠራል።

ለጥልቁ ጥላ የዚያ ዘመን ሰዎች ቢቱመን የሚባለውን ሬንጅ መሳይ ቀለም ይጨምሩ ነበር። ሲቀባ የሚያምር ሙቅ ቡናማ ነው፤ ግን መቼም በቅጡ ስለማይደርቅ ከዓመታት በኋላ ላዩ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። በየሙዚየሙ የተበላሹ ጥቁር ሥዕሎች ለመኖራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእርሱ ፈንታ በርንት አምበርና ኡልትራማሪን ቀላቅዬ፣ ዘይቱን ከታችኛው ንብርብር አብልጬ ቀባሁ፤ ዘይት የበዛበት ንብርብር ምንጊዜም ከላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

መስከረም

የዘመኑ ሠዓሊዎችና ተጓዦች የክሎድ መስተዋት የሚባል ጥቁርና በትንሹ ጎባጣ መስተዋት ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው በመስተዋቱ ውስጥ ያዩታል፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። ያልበራ የስልክ ስክሪን ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጀርባዬን ለሸራው ሰጥቼ በስልኩ ሳየው፣ የራጅማቺ ገደል ከመንገዱ የበለጠ እንደሚያበራ ታወቀኝ። በገደሉ ላይ ግራጫ ሰማያዊ ቀለም በደረቅ ብሩሽ አሻሽቼ አወረድኩትና፣ የመንገዱን ፀሐያማ ክፍል ከሁሉ የበራ ቦታ አደረግሁት። ሰማዩ እንኳ ከእርሱ በግማሽ ደረጃ ዝቅ ይላል።

ከዚህ በኋላ የምጨምርበት ነገር የለም። ወፍራሙ የግንብ ክፍል ከላይ ጠንክሮ ከውስጥ ገና ለስላሳ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ቫርኒሽ ከመቀባቴ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለበት፤ እስከዚያው ድረስ የደበዘዙትን ጥቁር ቦታዎች ለማንሣት ስስ ጊዜያዊ ቫርኒሽ አልፌበታለሁ። ለጠርዙ ፍሬም አናጢውን ጋሼን ጠባብና ያልተወለወለ ጽድ አዝዣቸዋለሁ፤ ወርቅ የተቀባ ሰፊ ፍሬም ለዘመኑ የሚስማማ ቢሆንም ግንቡን ይጋፋዋል። በሸራው ጀርባ የተጠቀምኩባቸውን ቀለማት፣ የንብርብሮቹን ቅደም ተከተልና ነጩ ቲታኒየም መሆኑን ጽፌአለሁ፤ ወደፊት የሚያጸዳው ሰው የእርሳስ ነጭ መስሎት እንዳይሳሳት።